የጥሪ ድምፅን በኮምፒውተር ውስጥ ማሻገር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወዳጆች። ዛሬ የምመልሰው ቪቢ ኬብልንና ቮይስሚተርን በዊንዶውስ ላይ ስለመጫን ነው። ሁለቱም የጥሪ ድምፅን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከቴሌግራም ወደ መቅጃ ፕሮግራም፣ ያሻግራሉ። በኮምፒውተሩ ውስጥ የማይታይ ገመድ እንደዘረጋችሁ ቁጠሩት። መጀመሪያ ሦስት ነገር ያዙልኝ። ፋይሉን ከሠሪያቸው ከቪቢ ኦዲዮ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ በቴሌግራም የተላከላችሁን አትጫኑ። ጭናችሁ ስትጨርሱ ሪስታርት አድርጉ። ሄድፎን አድርጉ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ቪቢ ኬብልን ልጭን ስል ስህተት እያለ ይመለሳል።

መልስ፦ ዚፑን ሳትፈታ ከውስጡ ከፍተኸው ይሆናል። መጀመሪያ ሙሉውን ወደ አንድ ፎልደር አውጣ። ከዚያ 64 የሚል ቁጥር ያለበትን የሴታፕ ፋይል ራይት ክሊክ አድርገህ በአድሚኒስትሬተር ክፈተው። ጫን፣ ሪስታርት አድርግ።

ከሐዋሳ፦ ኬብል ኢንፑትና ኬብል አውትፑት ግራ አጋቡኝ። ኢንፑቱ ለምን ስፒከር ውስጥ ይመጣል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ስሙን ከገመዱ በኩል ሆነህ አንብበው። ኬብል ኢንፑት ድምፅ ወደ ገመዱ የሚገባበት አፍ ነው። ፕሮግራሞች ድምፃቸውን የሚልኩት ወደ ስፒከር ስለሆነ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል። ኬብል አውትፑት ደግሞ ድምፁ የሚወጣበት ሌላው ጫፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደ ማይክ ያየዋል። ስለዚህ በቴሌግራም የጥሪ ቅንብር ውስጥ ስፒከሩን ኬብል ኢንፑት አድርገው። በመቅጃው ፕሮግራም ማይኩን ኬብል አውትፑት በለው። አንተም እንድትሰማ በዊንዶውስ የድምፅ ቅንብር፣ ሪከርዲንግ ከሚለው ውስጥ ኬብል አውትፑትን ክፈትና «ሊስን» በሚለው ገጽ «ሊስን ቱ ዚስ ዲቫይስ» ላይ ምልክት አድርገህ ሄድፎንህን ምረጥ።

ከባሕር ዳር፦ አይሠራም። እርዱኝ።

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? በየትኛው ፕሮግራም? ምን መርጠህ ነው? ይህን ሳትነግረኝ ልረዳህ አልችልም።

ከድሬዳዋ፦ ከጫንኩት ጀምሮ ኮምፒውተሬ ድምፅ የለውም። ዩቲዩብም ዝም።

መልስ፦ ዊንዶውስ ኬብል ኢንፑትን ዋና ስፒከር አድርጎታል። ከታች በቀኝ ያለችውን የድምፅ ምልክት ነክተሽ የራስሽን ስፒከር መልሺ።

ከአዲስ አበባ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሊኑክስ ጫኑ። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ከ22.10 ጀምሮ ድምፅ የሚያሻግረው ፓይፕዋየር አብሮት ይመጣል። ገመዱን በአይናችሁ እያያችሁ ከዚህ ወደዚያ ትሰካላችሁ።

ከቶሮንቶ፦ ማክ ላይስ? እንደ ቪቢ ኬብል ድምፅ የሚያሻግረው ብላክሆል ነጻ ነው፣ በሁለት ደቂቃ ይጫናል።

ከአዲስ አበባ፦ ማክ ላይ ድምፁ በሄድፎንም በብላክሆልም እንዲወጣ መልቲ አውትፑት ስትሠራ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፉ መሥራት ያቆማል። ይህን ለምን አትነግራቸውም?

ከቶሮንቶ፦ ሄድፎኑ ላይ ማስተካከል ይቻላል እኮ!

መልስ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት እውነት ነው። ግን የጠየቁኝ ሰዎች ዊንዶውስ ነው ያላቸው። ወደ ጉዳያችን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሁድ በዙም ጸሎት አለን። መዝሙር ከኮምፒውተሬ ለሁሉም ላሰማ ብዬ ነው። የትኛውን ልጫን?

መልስ፦ ምንም አይጫኑ። ስክሪን ሲያጋሩ «ሼር ሳውንድ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። በቃ።

ከመቀሌ፦ ፖድካስት እሠራለሁ። ለእንግዳዬ የተቀዳ ድምፅ ላሰማው ኬብሉን የጥሪው ማይክም ስፒከርም አደረግኩት። አሁን እንግዳው የራሱን ድምፅ እየሰማ መናገር አቃተው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የገደል ማሚቶውን የሠራኸው አንተ ነህ። የእንግዳው ድምፅ ወደ ገመዱ ገባ፤ ያው ገመድ ማይክ ስለሆነ ዞሮ ወደ እሱ ሄደ። ሰው የራሱ ድምፅ ዘግይቶ ሲመለስበት ምላሱ ይተሳሰራል።

ሕጉ አንድ ነው። እንግዳው ከራሱ ድምፅ በስተቀር ሁሉንም ይስማ። የሬዲዮ ሰዎች ሚክስ ማይነስ ይሉታል። ለዚህ አንድ ገመድ አይበቃም፤ ብዙ መግቢያና መውጫ ያለውን የቮይስሚተር ዓይነት፣ ቮይስሚተር ባናናን ጫን። በእሱ ላይ ኤ የሚባሉት ወደ ሄድፎን የሚሄዱ መውጫዎች ናቸው፤ ቢ የሚባሉት ደግሞ ለሌሎች ፕሮግራሞች እንደ ማይክ የሚታዩ ናቸው። የሄድፎንህን መውጫ ኤ1 ላይ አድርግ። የጥሪውን ስፒከር ቮይስሚተር ኦክስ ኢንፑት፣ የጥሪውን ማይክ ቢ1 አድርገው። የተቀዳው ድምፅ በቮይስሚተር ኢንፑት ይግባ። አሁን ቁልፎቹን ተመልከት። ማይክህ ቢ1 እና ቢ2 ይብራ። የተቀዳው ድምፅ ኤ1፣ ቢ1 እና ቢ2 ይብራ። የእንግዳው ኦክስ ኤ1 እና ቢ2 ብቻ። ቢ1 በኦክስ ላይ ከበራ ማሚቶው ይመለሳል። መቅጃህ ከቢ2 ይቅዳ፤ እዚያ ሁሉም አለ።

እባክህ ሄድፎን አድርግ። ድምፁ በስፒከር ከወጣ ማይክህ መልሶ ይለቅመዋል፤ ቅንብሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከጅማ፦ ድምፁ ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል።

መልስ፦ የሁሉንም መሣሪያ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚወስነውን ቁጥር) 48000 አድርግ። አንዱ 44100 ሌላው 48000 ሆነው ይሆናል።

ከሪያድ፦ ከጫንኩ በኋላ ድምፅ ጠፋብኝ።

መልስ፦ ለድሬዳዋዋ እህታችን መልሼዋለሁ። እባካችሁ ከላይ አንብቡ።

ከሻሸመኔ፦ በመደበኛ የስልክ መስመር የተደወለንስ?

መልስ፦ አይሆንም። ያ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ነው ያለው፤ ኮምፒውተሩ አያየውም።

ከደሴ፦ እኔ ስልኩን ላውድስፒከር አድርጌ በሌላ ስልክ እቀዳለሁ። ምን ጎደለኝ?

ከአዲስ አበባ፦ የክፍሉ ጩኸት ሁሉ ይገባብሃላ።

ከደሴ፦ ሰው ይሰማል፣ ይበቃል።

መልስ፦ ለማስታወሻ ይበቃል። ግን አንተ ስታስል እሱ እየተናገረ ከሆነ ሳሉን ብቻ ቆርጠህ ማውጣት አትችልም። ሁለት ድምፅ በሁለት ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ በተቀዳ መስመር፣ ሲሆን ትችላለህ። እኔ ይህን ሁሉ የምለፋው ለዚህ ነው።

ከስቶክሆልም፦ አባቴ ጎንደር ናቸው፤ 84 ዓመታቸው ነው። የልጅነት ታሪካቸውን በቴሌግራም እየደወልኩ መቅዳት እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ገመድ አያስፈልግሽም። ኦቢኤስ የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም ጫኚ። ከ28ኛው ቨርዥን ጀምሮ የአንድን ፕሮግራም ድምፅ ብቻ ለይቶ ይወስዳል፤ ዊንዶውስሽ ግን የቆየ አይሁን። «አፕሊኬሽን ኦዲዮ ካፕቸር» ጨምሪና ቴሌግራምን ምረጪ። ማይክሽን ትራክ 1 ላይ ብቻ፣ የአባትሽን ትራክ 2 ላይ ብቻ አድርጊ። በመቅጃው ቅንብር ሁለቱንም ትራክ ምረጪ፤ የፋይሉ ዓይነት ኤምኬቪ ይሁን። መብራት ቢጠፋ እንኳ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። እንደምትቀጂ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሄድፎን አድርጊ። መጀመሪያ ከጓደኛሽ ጋር አምስት ደቂቃ ቅጂና ሁለቱን ትራክ ለየብቻ ስሚ። ያን ሳታረጋግጪ ጎንደር እንዳትደውዪ።