ከብርድ አገር ስወጣ ስኳሬ ለምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 51 ነው። ብዙ ዓመት ብርድ አገር ኖሬ ወደ ሞቃት አገር ከተዛወርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። 5 ኪሎ ጨመርኩ፤ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬም 112 ሆነ። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። «ብርዱ ስብህን ያቃጥልልህ ነበር» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ያሉዎት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። አንገትና ትከሻ አካባቢ ቡናማ ስብ የሚባል አለ፤ ሥራው ስኳርና ስብ አቃጥሎ ሙቀት ማመንጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ አምስት ጤነኛ ወንዶች ለአንድ ወር 19 ዲግሪ በሆነ ክፍል ሲያድሩ ይህ ስብ ጨመረ፤ የደም ስኳርን የሚቀንሰው ሆርሞን፣ ኢንሱሊናቸውም የተሻለ ሠራ። በ27 ዲግሪ ሲያድሩ ግን መልሶ ቀነሰ። የእርስዎም ቀንሶ ይሆናል።

ነገር ግን በጥናቱ የሰዎቹ የሰውነት ስብ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ደግሞስ ብርድ አገር የሚኖር ሰው መቼ ይበርደዋል? ካፖርት ደርቦ ይወጣል፣ ማሞቂያ ያለበት ክፍል ይውላል። እንዲያውም የብዙ ስኳር ሕመምተኞች የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር ከፍ የሚለው በክረምቱ ብርድ ነው። 5ቱን ኪሎ በቡናማ ስብ ማሳበብ ይከብደኛል።

እኔ የምጠይቅዎት ሌላ ነው፦ በፊት በእግርዎ ይሄዱበት የነበረውን መንገድ አሁን በመኪና ነው የሚሄዱት? ሌሊት ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሳዎታል? ጥምዎን የሚቆርጡት በምንድን ነው? ግማሽ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 50 ግራም ገደማ ስኳር አለው።

112 የስኳር በሽታ አይደለም፤ ከ100 እስከ 125 ያለው የቅድመ ስኳር ደረጃ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ ጨምረው ያስመርምሩ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ኪኒንዎ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ራሱ ስኳርን በመጠኑ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በዚያ ላይ ሽንት ያበዛል፤ ሙቀቱ ደግሞ የደም ሥር ያሰፋል፣ ላብ ያስወጣል። ሦስቱ ሲደራረቡ ግፊት ይወርዳል፣ ጨውና ፖታሲየም ይጎድላል። ሲነሱ ያዞርዎታል? ግፊትዎን ተቀምጠውም ቆመውም ለተወሰኑ ቀናት ለክተው ይመዝግቡና ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ኩላሊትዎንና የጨው መጠንዎን ያስመርምር። መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

የብርዱን ጥቅም ለማስመለስ በረዶ ውሃ ውስጥ መነከርም አልመክርዎትም፤ ግፊትን ድንገት ያሻቅባል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ በእግር መሄድ ይሻልዎታል። ራስዎን ከሳቱ፣ ግራ መጋባት ከጀመረዎት ወይም ሽንትዎ በጣም ካነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ።