ሠላሳ ሰከንድ የሚባል ነፃ ፈቃድ የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በዩቲዩብ ስለ ፊልሞችና ስለ መጻሕፍት የምሠራበት ቻናል አለኝ። በቅርቡ አንድ ዘጋቢ ፊልም የተቸሁበት የ14 ደቂቃ ቪዲዮ በቅጂ መብት አቤቱታ ተነሣብኝ፤ ቻናሌም አንድ ስትራይክ (የጥሰት ማስጠንቀቂያ) ተቆጠረበት። ከፊልሙ የወሰድኩት በድምሩ 4 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። አንዱም ቁራጭ ከ30 ሰከንድ አይበልጥም፤ ከሥሩም «ለትምህርት ዓላማ ብቻ» ብዬ ጽፌያለሁ። በሌላ በኩል በሕይወት ያለ ደራሲ የጻፈውን አንድ መጽሐፍ እኔው ራሴ ተርጉሜ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ እተርካለሁ። ማስታወቂያ አላስገባበትም፤ እስካሁንም ማንም ምንም አላለኝም። ለተነሣው ቪዲዮ፣ እንዲመለስልኝ የሚጠይቅ የተቃውሞ ማስታወቂያ ልላክ ወይስ ስትራይኩ እስኪያልፍ ዝም ብዬ ልጠብቅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ይበልጥ ያሳሰበኝ የተነሣው ቪዲዮ ሳይሆን «ማንም ምንም አላለኝም» ያሉት ትረካ ነው። ለቪዲዮው የሚከራከሩበት በቂ ምክንያት አለዎት፤ ለትረካው ግን የለዎትም። ሁለቱን ለየብቻ እመልሳለሁ፤ አስቀድመን ግን የ30 ሰከንዱን ነገር እናጥራው።

ከ10 ሰከንድ በታች፣ ከ30 ሰከንድ በታች፣ ከመጽሐፍ አሥር በመቶ እየተባለ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ስለ ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ከሥራው መውሰድ ስለሚቻልበት ሁኔታ፣ በሚናገረው ሕግ ውስጥ የለም። ዩቲዩብ አቤቱታ ተቀብሎ ቪዲዮ የሚያነሣው በአሜሪካ ሕግ ሥርዓት ስለሆነ ከዚያው እንነሣ። የ1976ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በክፍል 107 ለዳኛው ያስቀመጠለት አራት ጥያቄዎችን ነው፦ የወሰዱት ለምን ዓላማ ነው? የተወሰደበት ሥራ ምን ዓይነት ነው? ምን ያህሉን፣ ደግሞስ የትኛውን ክፍል ወሰዱ? የእርስዎ አጠቃቀም የባለቤቱን ገበያ ይነካል ወይ? አራቱም አንድ ላይ ይመዘናሉ፤ አንዱን ብቻ በማሟላት ነፃ መውጣት የለም።

ሁለት ፍርዶችን ጎን ለጎን ላሳይዎት። በ1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ላይ አንድ መጽሔት፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ሊያሳትሙት ከነበረው የትዝታ መጽሐፋቸው ረቂቅ ወደ 300 የሚጠጉ ቃላት እንዳሉ ወስዶ ቀድሞ አወጣ። ረቂቁ 200,000 ያህል ቃላት ነበሩት። ቃላቱ ጥቂት ቢሆኑም መጽሔቱ ተሸነፈ። የወሰደው፣ ፎርድ ከእሳቸው በፊት ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለኒክሰን ለምን ምሕረት እንዳደረጉ የሚተርኩበትን፣ ገና ያልታተመውን መጽሐፍ ልብ ነበርና። ያንኑ ክፍል ቀድሞ ለማውጣት ተዋውሎ የነበረ ሌላ መጽሔትም ውሉን ሰረዘው። ገበያው ተጎዳ ማለት ይኸው ነው።

በ2017 ደግሞ ኒው ዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የዩቲዩበኞችን ክርክር ተመለከተ። ክላይን የሚባሉ ባልና ሚስት አንድ የ5 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ቪዲዮ ሲተቹ ከዚያው ውስጥ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንዱን አሳይተዋል። ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ግን ረቱ። ቪዲዮውን እየቆራረጡ፣ በየቦታው እያቆሙ፣ የተነገረውንና የተተወነውን እየነቀፉ ስለሄዱ ትችታቸው የዋናውን ቪዲዮ ቦታ ሊተካ አይችልም ተባለ። ዳኛዋ ግን አንድ ነገር ለይተው አስቀምጠዋል፦ «ምላሽ» ተብሎ የሚቀርብ ቪዲዮ ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ ያለ ትችት አብሮ ከማየት ብዙም የማይለይ አለ።

ስለዚህ ሰዓት መያዝ ትተው በየቁራጩ ላይ «እዚህ ጋ ምን እየሠራሁበት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

የላኩልኝን ቪዲዮ በዚሁ ዓይን ሁለት ጊዜ አየሁት። አብዛኛው ጠንካራ ነው። በተለይ አዘጋጁ የአንዲትን ሴት መልስ ከአንድ ጥያቄ ቆርጦ ከሌላ ጥያቄ ሥር መቀጠሉን ያጋለጡበት ቦታ! ምስሉን አቁመው፣ ከኋላዋ ያለው የመስኮት ብርሃን መለወጡን አሳይተው፣ ሁለቱን ቅንጥብ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ይህን ሳያሳዩ በቃል ብቻ ቢናገሩት ማን ያምንዎት ነበር? ትችት ከሥራው ላይ የመውሰድ መብት የተሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ አቤቱታ ሲጠፋ እንደ ሕግ ባለሙያም እንደ ተመልካችም ያመኛል።

የመጨረሻዎቹ 28 ሰከንዶች ግን ያስጨንቁኛል። የፊልሙ መዝጊያ ትዕይንት ከነማጀቢያ ሙዚቃው ይሄዳል፤ እርስዎ አንዲት ቃል አይናገሩበትም። እዚያ ጋ የፊልሙን ውበት ለራስዎ መዝጊያ ተውሰዋል። ሙዚቃው ደግሞ ከፊልሙ የተለየ የራሱ ባለመብት ሊኖረው ይችላል።

«ለትምህርት ዓላማ ብቻ» የሚለው ጽሑፍ በፍርድ ቤት ምንም አይጨምርልዎትም። ትምህርታዊነቱ ከቪዲዮው ይታያል እንጂ ከሥሩ በተጻፈ መስመር አይፈጠርም። አንዳንዶች የሚጽፉት «የቅጂ መብት ለመጣስ አስቤ አይደለም» የሚለውማ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር ማስረጃ ሊሆንባቸው ይችላል።

አሁን ወደ ተቃውሞ ማስታወቂያው። ስትራይክ ስለተቆጠረብዎ ጉዳዩ ኮንተንት አይዲ (የዩቲዩብ የቅጂ መብት መለያ ሥርዓት) በራሱ የሚያወጣው ዓይነት ጥያቄ ሳይሆን መደበኛ የማስነሻ አቤቱታ ነው። በ1998 በወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ በተቃውሞ ማስታወቂያው ቪዲዮው የተነሣው በስህተት መሆኑን በቅን ልቦና እንደሚያምኑ ያረጋግጣሉ። ማረጋገጫው ግን ተራ ቅጽ አይደለም፤ በሐሰት ቢሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ቃል ነው። ስምዎንና አድራሻዎን ያስገባሉ፤ ይኸውም ለአቤቱታ አቅራቢው ይደርሰዋል። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ዩቲዩብ በሚገኝበት ቦታ ባለው የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ አቤቱታ አቅራቢው ክስ መመሥረቱን ካላሳወቀ ቪዲዮው ይመለሳል።

ልብ ይበሉ፦ ቃልዎን የሚሰጡት ስለተነሣው ቪዲዮ እንዳለ ነው፤ እነዚያን 28 ሰከንዶችም ይጨምራል። «በኋላ እቆርጠዋለሁ» የሚል ሳጥን በቅጹ ላይ የለም።

ስለዚህ ምክሬ አስቀድመው ለአቤቱታ አቅራቢው በትሕትና እንዲጽፉ ነው። መዝጊያውን ቆርጠው እንደ አዲስ እንደሚጭኑ፣ የቀረው ግን ትችት ስለሆነ እንደማይተዉት ገልጸው አቤቱታውን እንዲያነሣ ይጠይቁ። በ2015 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ 29 ሰከንድ የሚረዝም የቤተሰብ ቪዲዮን በተመለከተ፣ ባለመብት አቤቱታ ከመላኩ በፊት አጠቃቀሙ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑን ማሰብ አለበት ብሎ ወስኗል። ይህን ጠቅሰው ቢጽፉ ክብደት ይኖረዋል። እምቢ ካለ ያን ጊዜ ስለ ተቃውሞው እንነጋገራለን። ቪዲዮውን በመሰረዝ ግን አይድከሙ፤ ስትራይኩ አብሮ አይሰረዝም። ስትራይኩ የሚያልፈው በ90 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ከሞላ ግን ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል።

ፍትሐዊ አጠቃቀም በአሜሪካ ሕግ ሰፊ ቢሆንም በሁሉም አገር የለም። ብዙ አገሮች የተቆጠሩ ልዩ ሁኔታዎችን ብቻ ይዘረዝራሉ፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ ለትችት መውሰድ የሚፈቀደው ምንጩ ሲጠቀስ ነው። ብዙ አገሮች የተቀበሉት የቅጂ መብት ውል የሆነው የበርን ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 10 ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ መጠኑ ከዓላማው እንዳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጽ ይፈልጋል። በሚኖሩበት አገር ቢከሰሱ የሚመለከትዎት የአገሩ ሕግ ነውና የፊልሙንና የአዘጋጁን ስም በቪዲዮው ላይ ሁልጊዜ ያሳዩ።

ትረካው ላይ ግን አላባብልዎትም። ድካምዎን አውቃለሁ፤ አንድ ምዕራፍ ተርጉሞ፣ አንብቦ፣ ቀርጾ ማውጣት የቀናት ሥራ ነው። ሆኖም ሥራውን የመተርጎምና ለትርጉም የመፍቀድ መብት የደራሲው ብቻ መሆኑን የበርን ስምምነት በአንቀጽ 8 ይናገራል። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ማለት በመጨረሻ መጽሐፉ በሙሉ ማለት ነው። ትረካዎን የሰማ ሰው ነገ በዚሁ ቋንቋ በፈቃድ የተተረጎመ ቢወጣ ለምን ይገዛል? ገንዘብ አለማግኘትዎም አያድንም። ኢንተርኔት አርካይቭ ለትርፍ የማይሠራ ተቋም ነው፤ መጻሕፍትን በስካነር እያነሣ ያውስ የነበረው በነፃ ነው። ቢሆንም በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ ፍትሐዊ አጠቃቀም አይደለም ብሎ ፈርዶበታል። የደራሲው ዝምታም ፈቃድ አይደለም፤ ምናልባት ገና አልሰማም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ምዕራፎቹን ለሕዝብ እንዳይታዩ ያድርጉ፤ ፋይሎቹን ግን አያጥፉ። ከዚያ ለአሳታሚው የመብት ክፍል ይጻፉ። የትርጉም መብትና የድምፅ መብት የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱንም ለይተው ይጠይቁ፤ ከተረጎሙት ውስጥ ጥቂት ገጽ እንደ ናሙና ቢያያይዙ ሥራዎን ያዩልዎታል። መልስ እስኪመጣ ስለ መጽሐፉ መናገር የሚከለክልዎ የለም። የሚያወሩበትን አንቀጽ ያንብቡ፣ ያቁሙ፣ ይተንትኑ፤ በፊልሙ ላይ እንዳደረጉት።

ለአቤቱታ አቅራቢው የሚጽፉትን ደብዳቤ ረቂቅና ከዩቲዩብ የደረሰዎትን ማስታወቂያ ሙሉ ጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ሳይልኩት በፊት አየዋለሁ።