«ሥራ የለኝም» ማለት ያሳስራል?

ጠያቂያችን የሚኖሩት ባሕር ዳር ነው። ከአባታቸው በወረሷቸው ቤቶች ኪራይ ይተዳደራሉ፤ ሥራ የላቸውም። «ቤት መቀመጥ ሲሰለቸኝ ወጣ እላለሁ» ይላሉ። በከተራ ዕለት ታቦት በሚያጅበው ሕዝብ መሃል ወዲህ ወዲያ ሲሉ አንዲት ሴት ስልኳ ተሰርቆ ጮኸች። ወጣቶች ጠያቂያችንን ያዟቸው፤ አንዱም በጥፊ መታቸው። ኪሳቸው ሲፈተሽ ሁለት ውድ ስልክና ጠርቀም ያለ ብር ተገኘ። ጣቢያ ላይ ሥራቸውን ሲጠየቁ «የለኝም» አሉ። ጥር 10 ከቀኑ 10 ሰዓት ገብተው ጥር 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ፣ ፖሊስ በዋስ ለቀቃቸው። «ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?» ይላሉ።

በመጀመሪያ፣ ስለደረሰብዎ በጣም አዝናለሁ። በዓመት በዓል፣ በሰፈር ሰው ፊት «ሌባ» ተብሎ መነዳት ከባድ ነው።

«ሌባ! ሌባ!» ተብሎ ሲጮህ የተጠረጠረን ሰው ይዞ ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብን ሕጉ ለማንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ወጣቶቹን ስለያዙዎት ብቻ መክሰስ አያዋጣም። በጥፊ የመታዎትን ግን መክሰስ ይችላሉ።

ሥራ አለመኖር በራሱ ወንጀል አይደለም። ስለ አደገኛ ቦዘኔነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 384/1996 እንኳ ሥራ ስለሌለው ብቻ ማንንም አይቀጣም። የሚታወቅ መተዳደሪያ የሌለው መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ አዋጁ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች አንዱን መፈጸም አለበት። እርስዎ መተዳደሪያ አለዎት። የኪራይ ውሉን ያዘጋጁ። የስልኮቹን ካርቶኖችም አይጣሉ፤ እላያቸው ላይ ያለው ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ስልኮቹ የእርስዎ መሆናቸውን ለማስረዳት በጣም ይጠቅማል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከዚህ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚወስደው አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ጥምቀትም ቃና ዘገሊላም አይቀነሱም። ተረኛ ዳኛ የሚመደበውም ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። የእርስዎ 48 ሰዓት ጥር 12 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አልቋል። ከዚያ በኋላ 17 ሰዓት ያለ ዳኛ ትእዛዝ ታስረዋል። እኔ ብሆን ክሱን በዚህች 17 ሰዓት ላይ ነው የማቆመው። ከዚያ በፊት ለነበረው ጊዜ፣ ፖሊስ «በቂ ጥርጣሬ ነበረኝ» ሊል ይችላል፤ ለ17ቱ ሰዓት ግን ይህ መልስ አይሆንም።

አሁን ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄደው የምርመራ መዝገቡ የት እንደደረሰ ይጠይቁ። ተዘግቶ ከሆነ በጽሑፍ ይሰጥዎት፤ ዋስዎም ይውረዱ። የገቡበትና የወጡበት ሰዓት በጣቢያው መዝገብ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ስንቅ ያመላለሰልዎ ቤተሰብም ምስክር ይሆናል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ስላለው አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

ካሳውን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነጻነት መንካት፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ጥፋት ነው ይላል። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የኮሚሽኑን መልስ እየጠበቁ ይህ ጊዜ እንዳያልፍብዎ፣ ጠበቃዎን ከወዲሁ ያነጋግሩ።