ቆቃ ሆዱ ሞልቷል

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ክርክር ሊዘጋጅ ብሎ ቤቴ መጣ። ርዕሱ «ልማት ይቅደም ወይስ አካባቢ?» የሚል ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የመብራት ሰው ነዎት፤ ለልማት ይከራከሩልኝ» አለኝ። ቡና እየጠጣን ስለነበር ባጭሩ መለስኩለት። እዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በቆቃና በአዳማ መካከል ስመላለስ ነው። (ናዝሬት ማለት ለምዶብኛል፤ ይቅርታ።) የቆቃ ግድብ እንደ ፈረንጆች በ1960 ተጠናቀቀ። ሙሉ ጉልበቱ 43 ሜጋዋት ገደማ ነው። ከታች ያሉት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉት የመብራት ማመንጫዎች ያንኑ ውኃ ተቀብለው እንደገና ያሠሩታል። ያኔ ይህ ሁሉ ያስደንቀኝ ነበር። ማሽኑን እንደ ልጄ ነበር የማውቀው፤ ድምፁ ሲለወጥ ከእንቅልፌ እነቃለሁ።

አንድ ቀን ከላይ ተፋሰሱ ላይ እርከን የሚያሠሩ ባለሙያዎች ሊያነጋግሩን መጡ። ስብሰባውን ጥዬ ወጣሁ። «እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ፤ አፈር ምን አገባኝ?» አልኩ። አሁንም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ደጋ ላይ ዛፉ ሲመነጠርና ዳገቱ ሲታረስ፣ ክረምት አፈሩን ጠራርጎ በአዋሽና በሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ያወርደዋል። ውኃው ሐይቁ ውስጥ ሲረጋ አፈሩ ይዘቅጣል። ደለል በያዘው ቦታ ላይ ውኃ አይገባም። ላዩን ስታዩት ያው ሐይቅ ነው፤ ሆዱ ግን ሞልቷል። ለበጋ መቀመጥ የነበረበት ውኃ ማደሪያ ያጣል። አንዳንድ ክረምት ደግሞ ሐይቁ ሲሞላ ይለቀቅና ታች ወንጂ ያለው ሰው በጎርፍ ይጨነቃል። እንግዲህ ያ ልጅ «ልማት» ያለው እዚያ ጭቃ ሥር ተቀብሮ ነው ያለው። ዛፉን የሚጠብቀው ገበሬ የእኔን ማሽን እየጠበቀልኝ ነበር፤ አላወቅሁም እንጂ።

«አሁን እኮ ህዳሴ አለ፤ 5,150 ሜጋዋት!» ትሉ ይሆናል። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምታችኋል። ማደሪያስ አሁን አገኘ። ግንዱና አፈሩም አብረውት ነው የሚያድሩት።

ደግሞ ፍላጎቱን አትናቁት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል። ቆቃ ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው 12 ሺህ ምጣድ ያህል ነው። አዳማ ውስጥ ስንት ምጣድ እንዳለ እናንተው አስቡት። ታዲያ ምጣዱን ትተን ወደ ማገዶና ከሰል እንመለስ? በጭራሽ! እያንዳንዱ ጆንያ ከሰል የተቆረጠ ዛፍ ነው። ይልቅ እናቶቻችሁን ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ምጣድ እንዳይጥዱ ለምኗቸው። ያን ሰዓት ሁሉም ሰው መብራት ይፈልጋል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ያቃስታል። ጠዋት ቢጋግሩ ምን ይጎዳል?

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስትመጡ የምታዩዋቸው የነፋስ ተርባይኖች መጀመሪያ 34 ነበሩ። በኋላ 102 ተጨመሩ። በድምሩ 204 ሜጋዋት ነው። መጀመሪያ «ማራገቢያ» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ቀልዴን ያቆምኩት በጋ ላይ ነው። ዝናቡ ሄዶ የግድቡ ውኃ ሲጎድል፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያስነሳ ይመጣል። ያን ጊዜ ነፋሱ ሲሠራ ውኃው ያርፋል። በእርግጥ እሱም ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ለምሰሶውና ለመንገዱ የገበሬ መሬት ሄዷል። ይህን ሳትጠይቁ «ንጹሕ ኃይል» ብላችሁ አታጨብጭቡ።

ያ ልጅ በመጨረሻ «ታዲያ በየትኛው በኩል ልቁም?» አለኝ። ነሐሴ ላይ ቆቃ ድረስ እንድወስደው ተቀጣጥረናል። የውኃውን ቀለም አይቶ ይምረጥ።