«የአያቴ ጠመንጃ ነው» ቢልዎትም መጀመሪያ ፈቃዱን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዘጌ ያለ የማውቀው ሰው ባሩድና ጥይቱ በአፈሙዙ በኩል የሚገባ አሮጌ ጠመንጃ በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። «የአያቴ ነው፤ ይሄ ፈቃድ አይፈልግም» ይለኛል። ሳሎን ልሰቅለው አስቤያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምኑን ልይ?

መልስ፦ ብረቱን ከማየትዎ በፊት ወረቀቱን ይጠይቁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። ባሩዱ ተቀጣጥሎ ጥይት የሚተኩስ ከሆነ፣ ማርጀቱ ፈቃድ አይሆነውም። ግድግዳ ላይ መሰቀሉም እንደዚያው። ሻጩ በስሙ የተሰጠ ፈቃድ ካላሳየዎት እዚያው ይተዉት። ካሳየዎትም ቀብድ አይክፈሉ፤ አስቀድማችሁ አብራችሁ ፖሊስ ዘንድ ሂዱና ወደ እርስዎ ስም መዛወር ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ከዘጌ በጀልባም ሆነ በመኪና ይዘውት ለመምጣት እንኳ ፈቃዱ ያስፈልግዎታል።

«ካታለለኝ እከሰዋለሁ» ብለው እንዳይተማመኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 መሠረት ሕገወጥ ግዴታ ያለበት ውል አይጸናም። ብሬን መልስልኝ ብለው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ እርስዎም ስለ ፈቃዱ መጠየቅዎ አይቀርም።

«የአያቴ ነው» ማለቱም ያሳስበኛል። ሌሎች ወራሾች አሉ? ካሉ እነሱም በሽያጩ መስማማታቸውን በጽሑፍ ያግኙ። ነገ አንዱ ወንድም ወይም እህት «ድርሻዬ ነው» ብሎ ቢመጣ ጣጣው ለእርስዎ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ ወደ ዕቃው እንምጣ። እባክዎ አፈሙዙን ወደ ዓይንዎ አያስጠጉ! እንዲህ ያለ ጠመንጃ ጎርሶ ለብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ደረቅ ባሩድም በቀላሉ አይሞትም። ባሩድ መጠቅጠቂያውን ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ አስገብታችሁ የገባውን ርዝመት በቱቦው ውጭ በኩል ለኩ። ከኋላው መዝጊያ ብዙ ቀድሞ ከቆመ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ያኔ ማንም አይነካካው፤ ለፖሊስ አሳውቁ። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የቱቦውን ውስጥ በባትሪ ይዩት። የባሩድ ቅሪት እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ሰደፉ ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ አለመኖሩንም ይመልከቱ። «ተኩሰን እንሞክረው» ቢልዎት እሺ አይበሉ።

ያዩትን ሁሉ ውሉ ላይ ያስፍሩ። ሻጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2287 መሠረት ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው። ግን በዓይንዎ እያዩ ለገዙት ዝገት በኋላ ሊከሱት አይችሉም። የተደበቀ ጉድለት ካገኙ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ካሳወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ መብትዎ ይቀራል።