ካሜራው ይቀየር ከመባሉ በፊት፦ የድሮን ቪዲዮ ብልጭ ድርግም ሲል

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ዲጂአይ ሚኒ 2 ድሮን ከአሜሪካ አስመጥተህ የሰርግ ስራ ጀምረሃል፣ አዳራሽ ውስጥ የቀረፅከው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ውጪ ረፋድ ላይ ወደ ፀሐይ ዞረህ የቀረፅከው ላይ ደግሞ ጥቁር ጥቁር መስመር ይሮጣል፣ ሰሪ ጋ ስትወስደው "ካሜራው ከነጊምባሉ ይቀየር" ተባልክ (ጊምባል ካሜራውን ሳይነቃነቅ የሚይዘው ክፍል ነው)፣ ላስቀይር ወይስ ይቅር ነው ያልከው። እኔ ሰርግና ማስታወቂያ ላይ ድሮን ይዤ ነው የምውለው፣ እና መልሴ አሁን ምንም እንዳታስቀይር ነው። የነገርከን ነገር ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ ምክንያታቸውም አይገናኝም፣ ሁለቱንም ደግሞ ካሜራው ሳይነካ ማስተካከል ይቻላል። ለዚች ካሜራ የሚጠየቀው ብር ቀላል አይደለም፣ ከፍለህ ስታበቃ ፍሊከሩ (ብልጭ ድርግም ማለቱ) እዛው ቁጭ ብሎ እንዳታገኘው ነው የምፈራልህ።

በመጀመሪያ ምኑን ነው ያየኸው? ስልክህ ላይ እየበረረ እያለ የምታየው ምስል ዋናው ቪዲዮ አይደለም፣ ሚኒ 2 ላይ ወደ ስልክ የሚመጣው 720 ፒ ነው፣ ዋይፋይ በበዛበት ሰፈር ደግሞ ይቆራረጣል፣ ይፈርሳል፣ ይህ ከካሜራው ጋ ምንም አያገናኘውም። ብዙ ልጆች ደግሞ አፑ ስልክ ላይ ያስቀመጠውን ኮፒ ነው ኤዲት የሚያደርጉት፣ ከዛ ጥራት የለውም ይላሉ። ሚሞሪ ካርዱን አውጥተህ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ እየው። እየተጎተተ ከተጫወተም ወዲያው አትፍረድበት፣ 4ኬ ላረጀ ላፕቶፕ ከባድ ነው፣ ኤዲቲንግ ላይ ፍሬም በፍሬም (አንድ አንድ ምስል) እያሳለፍክ ስታየው ንፁህ ከሆነ ቪዲዮው ደህና ነው።

አሁን አዳራሹ። የኛ ሀገር መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ ያሜሪካው 60 ነው። 50 ሄርዝ ሲባል መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል ማለት ነው፣ ዓይናችን አይይዘውም እንጂ ካሜራው ያየዋል። ሹተርህ፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚወስድበት ጊዜ፣ 1/100 ሰከንድ ከሆነ አንዱን መድመቅና መደብዘዝ ሙሉውን ይወስደዋል፣ 1/50 ከሆነ ሁለቱን ይወስዳል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ብርሃን ይደርሰዋል። 1/60 ስታደርገው ግን አንዱን ጨርሶ ሁለተኛው ሳያልቅ ይቆርጠዋል፣ ቀጣዩ ፍሬም ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፣ በቃ ፍሊከር ማለት ይህ ነው። የድሮን ካሜራ ምስሉን ባንዴ አያነበውም፣ ከላይ ወደታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ ለዛ ነው ጥላው ሙሉ ስክሪኑን ከመሸፈን ይልቅ አግድም ሆኖ ወደላይ ወይ ወደታች የሚንሸራተተው። ያንተ ድሮን ከአሜሪካ ስለመጣ በመጀመሪያ የምጠረጥረው አንቲ ፍሊከር የሚለው የፍሊከር መከላከያ ሴቲንግ 60 ሄርዝ ላይ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። ድሮኑን የምታበርበት ዲጂአይ ፍላይ አፕ ላይ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ 50 አድርገው፣ ከዛ አውቶውን ትተህ ማንዋል ላይ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 አድርግ። 30 ፍሬም የግድ ከሆነብህም ሹተሩን 1/50 ወይ 1/100 ካደረግከው ችግር የለውም፣ ዋናው ሹተሩ ነው። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ልጆች እናንተ 1/60 ወይ 1/120 ነው የምትጠቀሙት፣ እዚህ መጥታችሁ ስትቀርፁ ግን መቀየር እንዳትረሱ።

በሰርጉ ቀን ተንጠልጥለህ ከመሞከር ቀድመህ አዳራሹ ሄደህ እየው። ድሮኑን ሳታስነሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ መብራቱን በሙሉ አስበራ፣ ሪከርድ አድርገህ ሹተሩን ከ1/50 ወደ 1/60፣ ከዛ 1/100፣ ከዛ 1/200 እያደረግክ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቆይ። 1/50 ላይ ንፁህ ሆኖ 1/60 ላይ መንሸራተት ከጀመረ የመብራት ጉዳይ ነው፣ አለቀ። ሌላው ዘዴ የስልክህን ስሎው ሞሽን ከፍተህ አምፖሎቹን መቅረፅ ነው፣ መልሰህ ስታጫውተው አንዳንዱ አምፖል ሲርገበገብ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ሲበራ በደንብ ታየዋለህ፣ የትኛው መብራት እንደሚያስቸግርህ አወቅክ ማለት ነው፣ ባለቤቶቹን አናግረህ እሱን ማስጠፋት ትችላለህ።

እዚህ ጋ የማይነገር አንድ ነገር አለ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ጄኔሬተሩ ሁሌ 50 ላይ ቀጥ አይልም፣ ጭነት ሲበዛበት ይወርዳል ሲቀልለው ይወጣል፣ ስለዚህ የፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ንፁህ የነበረው ሴቲንግህ መሀል ላይ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ጥላ ሊያሳይህ ይችላል፣ ሰው ይህን ሲያይ ነው ድሮኑ ሞቀ ተበላሸ የሚለው። ሹተሩን ትንሽ ወዲህ ወዲያ አድርገህ የተሻለውን ያዝ፣ ከዛ በላይ ምንም ማድረግ አይቻልም። ርካሽ ኤልኢዲና ዲመር (ማደብዘዣ) ያለባቸው የጌጥ መብራቶች ደግሞ በሌላ ፍጥነት ነው የሚርገበገቡት፣ 1/50 ቢሆንም ላይጠፉ ይችላሉ። ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚቆመው ኤልኢዲ ስክሪንም እንደዛው ነው፣ እሱን ፊት ለፊት ከመያዝ በጎን መያዝ ይሻላል። አዳራሽ ውስጥ ሰው አናት ላይ ግን እባክህ አትብረር፣ ጂፒኤስ በሌለበት ድሮኑ ሊንሸራተት ይችላል፣ ስር ልጆች አሉ። እኔ አዳራሽ ውስጥ ሙሽሮች ከመግባታቸው በፊት ዲኮሩን ብቻ ነው የምቀርፀው።

የውጪው ጥቁር መስመር ደግሞ የፕሮፔለር ጥላ ነው፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል፣ ረፋድ ላይ ፊትህን ወደ ፀሐይ አዙረህ ስትበር ነው የሚመጣው ብለሃላ። ፀሐይ ከፊት ከፍ ብላ ስትሆን የፊት ፕሮፔለሮቹ በሌንሱና በፀሐይዋ መሀል ያልፋሉ፣ ጥላቸው ሌንሱ ላይ ይወድቃል፣ ሹተሩ በጣም ፈጣን ከሆነ እያንዳንዷን ጥላ እንደቆመች ይይዛታል፣ ቪዲዮው ላይ ከላይ ጀምሮ የሚሮጥ ጥቁር መስመር ይሆናል። ድሮኑን ሃምሳና ስልሳ ዲግሪ ዞር ስታደርገው ድራሹ ከጠፋ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግህም።

መድሃኒቱ ኤንዲ ፊልተር ነው፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት። የሚኒ 2 ሌንስ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው ኤፍ 2.8 ሆኖ የተቆለፈ ነው፣ አይጠብም አይሰፋም፣ ስለዚህ በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይም ቢሆን ሹተሩ ወደ 1/3200 አካባቢ ይወጣል። ኤንዲ 16 ስታደርግበት ወደ 1/200 ይወርድልሃል፣ ኤንዲ 64 ስታደርግበት ወደ 1/50። ሹተሩ ሲዘገይ የፕሮፔለሩ ጥላ ይሟሟና አይታይም፣ በዛ ላይ የመኪናው ሰልፍም የሙሽራዋ ቬሎም ሲንቀሳቀስ የተቆራረጠ ከመሆን ወጥቶ ለስላሳ ይሆናል፣ ሰው "ሲኒማ ይመስላል" የሚለው ለዚህ ነው። ለሚኒ 2 ተብሎ የተሰራ ቀላል ፊልተር ግዛ፣ ከበድ ያለ ከሆነ ጊምባሉን ያስጨንቀዋል፣ ድሮኑን ከማብራትህ በፊት ግጠመው።

ብርሃኑ በአንዴ ዘሎ የሚቀየር ከሆነ ግን ጥላም መብራትም አይደለም፣ አውቶ ኤክስፖዠር ነው፣ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲያስተካክል ማለት ነው። ከሰማይ ወደ መሬት ስትዞር ደረጃ በደረጃ ሲደምቅ ታየዋለህ። እኛ ሀገር ይህ የሚብሰው ነጭ የለበሰ ህዝብ ላይ ነው፣ ጥምቀት ላይ ወይ መልስ ላይ ሁሉም በነጠላ ሆኖ ከላይ ስትቀርፅ አውቶው ነጩን አይቶ ያጨልመዋል፣ የሰው ፊት ጥቁር ይሆናል፣ ትንሽ አስፋልት ሲገባበት ደግሞ መልሶ ያደምቀዋል፣ ቪዲዮው ሲተነፍስ ነው የሚመስለው። ሹተርና አይኤስኦ ማንዋል፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ደግሞ ፀሐይ ላይ 5500 አካባቢ ቆልፈው፣ ከዛ ብረር። ፈቃድህንም ይዘህ፣ ይህን መቼም ታውቀዋለህ።

ከላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስትቀርፅ መስመሮቹ የሚርመሰመሱት ሌላ ነገር ነው። መርካቶን ከፍ ብሎ የቀረፀ ሁሉ ያውቀዋል። የቆርቆሮው መስመሮች በጣም ቀጭንና ተደጋጋሚ ስለሆኑ ሴንሰሩ በትክክል መለየት ያቅተዋል። ዝቅ በል ወይ አንግሉን ሰያፍ አድርገው፣ በ4ኬ ቅረፅ፣ ሻርፕነስ ያለው ድሮን የያዛችሁ ትንሽ ቀንሱት፣ የቀረውን ኤዲት ላይ ማለስለስ ነው። ምስሉ እየተወዛወዘ የሚለጠጥ ከሆነ ደግሞ ጄሎ የሚባለው ነው፣ እሱ ከንዝረት ነው፣ ፕሮፔለሮቹን አንድ በአንድ በጥፍርህ ጠርዛቸውን ዳስሳቸው፣ የተጫረ ወይ የታጠፈ ካለ ቀይረው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ፕሮፔለሩ ድሮኑን ለማንሳት በጣም ነው የሚሽከረከረው፣ እና ትንሽ ጉዳትም እዚህ ትጎላለች።

ሚሞሪው ፍሊከር አያመጣም፣ ቪዲዮ ያስቆማል ፍሬም ያስዘልላል እንጂ። ሚኒ 2 በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው የሚፅፈው፣ እሱ ወደ 12.5 ሜጋባይት ነው፣ ቪ30 (በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት የሚፅፍ) የሚል ኦርጅናል ካርድ ከበቂ በላይ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ፎርጅድ ግን ስለበዛ ስትገዛ ኮምፒውተር ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከጫፍ ሞልተህ ፈትሸው። ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልክም እንደ ቪዲዮ አትላክ፣ እንደ ፋይል ላክ፣ አለበለዚያ ጨምቆት የለፋህበትን ጥራት ይበላዋል።

ታዲያ በእውነት የካሜራ ችግር የሚሆነው መቼ ነው? ሞተሩ ሳይነሳ፣ ፀሐይ ላይ፣ አምፖል በሌለበት ቦታ ቀርፀህ ፍሊከሩ ካለ ነው። ያኔ ጊምባሉን በሪሞቱ ቀስ እያልክ ከላይ እስከታች አመላልሰው፣ አረንጓዴ ወይ ሀምራዊ መስመር ከመጣ፣ ወይ አንድ አንግል ላይ ሲደርስ ምስሉ ጠፍቶ የሚመጣ ከሆነ፣ ጊምባሉ ውስጥ ያለው ቀጭን ፍላት ኬብል ተጎድቷል ማለት ነው፣ ወድቆ ከነበረ በተለይ። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ኬብሉ ብቻ ተቀይሮ ይድናል፣ ሰሪውን ይህን ብለህ ጠይቀው።

ያለቀውን ሰርግ በተመለከተ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ፍሊከር የሚቀንስ ዲፍሊከር አለ፣ የሚከፈልበት ቨርዥን ላይ ብቻ ነው ያለው። ከሌለህ ክሊፑን ደርበህ የላይኛውን በአንድ ፍሬም ገፋ አድርገህ ኦፓሲቲውን 50 ፐርሰንት አድርገው (የታችኛው በግማሽ እንዲታይ)፣ ቀስ ያለ ሾት ላይ ፍሊከሩን በጣም ያለዝበዋል፣ ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ግን ምስሉን ድርብ ስለሚያደርገው አትጠቀመው። ነገ ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ፀሐይ ላይ አስር ሰከንድ ቀርፀህ፣ ሹተሩ ስንት እንደነበር ፅፈህ፣ እንደ ፋይል እዚሁ ልቀቀው፣ አብረን እናየዋለን።