የባቡር ድልድይን ዕድሜ ከብረቷ ላይ አያንብቡ

«በአያቶቼ መንደር አጠገብ፣ በአሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ላይ ያለችው ትንሽ ድልድይ መቼና እንዴት እንደተሠራች በምን ላውቅ እችላለሁ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ እኔም ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ስለምትገኝ አንዲት ድልድይ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ደክሜያለሁና የእርስዎም ጉዳይ ከዚያ የሚለይ አይመስለኝም።

1ኛ፦ በብረቱ ላይ የተለጠፈውን ዓመት አይመኑ። እኔ አምኜ፣ ያንኑ ዓመት በእብነ በረድ አስቀርጬ፣ ከኪሴ ከፍዬ አስተክያለሁ። ዓመቱ ግን ተሸካሚው ብረት በፋብሪካ የተሠራበት እንጂ ድልድይዋ የተሠራችበት አልነበረም። ሥራው ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ የደረሰ ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ እኔ ያስቀረጽኩት ዓመት ከ1902 በብዙ የዘገየ ስለነበር፣ ባቡሩ በዚያ ደረቅ ወንዝ ላይ እስከዚያ ድረስ በምን ተሻገረ ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መልሱ እግሬ ሥር ነበር። በሁለቱ ዳርቻ ያሉት የጥርብ ድንጋይ ግንቦች ጥንታውያኑ ናቸው፤ የብረቱ መቀመጫ ግን ድንጋዩ ተፈልፍሎ በሲሚንቶ እንደገና ተሞልቷል፤ ይህም ብረቱ ኋላ የተተካ ለመሆኑ ምስክር ነው። መቀመጫውን ካዩ አይቀር፣ ብረቱ በሙቀት ሲረዝም ግንቡን እንዳይገፋ አንደኛው ጫፍ ታስሮ ሌላው እንዲንሸራተት መተዉንም ያስተውሉ። ተሸካሚው በብየዳ ሳይሆን በተቀጠቀጠ ችንካር ከተያያዘ አሮጌ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ነው ለማለት ግን አይበቃም።

2ኛ፦ መዝገብ ፍለጋ ሲሄዱ የመንደሩን ስም ሳይሆን ከጅቡቲ የሚቆጠረውን ኪሎ ሜትር ይያዙ። ስሙን ሳልጠቅስ የማልፈው አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ አመላልሶኝ፣ በአራተኛው ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «እንዲህ የሚባል ድልድይ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በመንደር ስም የተመዘገበ አልነበረም። ይህን ለመናገር ግን አራት ቀጠሮ ባላስፈለገው ነበር። ኪሎ ሜትሩን ይዤ በተመለስኩ ጊዜ ንድፉ በግማሽ ሰዓት ተገኘ፤ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ የሚያነብልዎ ሰው አስከትለው ይሂዱ።

የሽማግሌዎቹን ቃል ሲመዘግቡም በየትኛው አቆጣጠር እንደነገሩዎ ይጠይቁ፤ የብረቱ ጽሑፍ በፈረንጆች፣ የእነርሱ ትዝታ በእኛ ነውና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ድልድይ ያስመስልብዎታል። እብነ በረዴን አስነቅዬ ያረምኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ አሁን በላዩ ሁለት ዓመታት ተጽፈዋል፣ አንዱ ለግንቡ፣ አንዱ ለብረቱ።